«እናቱን ሆነሽ ተጫወቺ» አሉኝ፤ እኔ ግን ቃሌ እየጠፋብኝ ነው

የጠያቂያችን ደብዳቤ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 47 ነው። በ19 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ከወጣሁበት ምሽት ወዲህ፣ 28 ዓመት ሙሉ ከትወና በቀር ሌላ መተዳደሪያ ኖሮኝ አያውቅም። ሙሽራ፣ ፍቅረኛ፣ የተከዳች ሚስት፣ ትዳሯን ጥላ የሄደች ሚስት ሆኜ ተጫውቻለሁ። አንድ ጊዜ ዳኛ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ሆኛለሁ፤ እነዚህን ሁለቱን ከሁሉም አስበልጬ እወዳቸዋለሁ።

ከአንድ ወር በፊት አንድ ፕሮዲውሰር አዲስ የፊልም ስክሪፕት ላከልኝ። የታሰበልኝ የዋናው ገፀ ባሕርይ እናት ሚና ነው። ልጄ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ በዕድሜ ከእኔ የሚያንሰው በ6 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ከ9 ዓመት በፊት በሌላ ፊልም ላይ ባሌ ነበር። እናትየዋ በ11 ትዕይንቶች ትታያለች፤ በአሥሩ ልጇ የት እንዳመሸ ትጠይቃለች፣ በአሥራ አንደኛው ትሞታለች። ሳነበው መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቼ አለቀስሁ።

የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ካለፈው ዓመት ተኩል ወዲህ ሰውነቴ የእኔ አልመስል ብሎኛል። የወር አበባዬ አንዳንዴ ሁለት ወር ይቀራል፣ አንዳንዴ በ15 ቀን ይመለሳል፤ ሲመጣም ብዙና የረጋ ደም ነው። አንድ ቀረጻ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሼ ሳለ ጉድ ሆንሁ፤ የአልባሳት ኃላፊዋ ምንም ሳትናገር የራሷን ሹራብ አውልቃ ወገቤ ላይ ባታስርልኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። መብራት ሲበራ ከደረቴ የሚነሳ ሙቀት ፊቴን ያጥለቀልቀዋል፣ ሜካፑ ይበላሻል፣ ሁሉም ሰው እኔን ቆሞ ይጠብቃል። ሌሊት በላብ ተነክሬ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

ከሁሉ የከፋው ባለፈው ወር የሆነው ነው። ከ60 ጊዜ በላይ የተጫወትሁት ተውኔት መካከል ላይ ቃሌ ጥርግ ብሎ ጠፋብኝ። አብራኝ የነበረች ወጣት ተዋናይት የእኔን ቃል በጥያቄ መልክ አምጥታ አዳነችኝ። ተመልካቹ አላወቀም፤ እኔ ግን ያን ምሽት እናቴን አሰብሁ። እናቴ በእርጅናዋ የመርሳት ሕመም ይዟት ነው የሞተችው። ሐኪም ጋር አልሄድሁም፤ ተራ መጠበቂያው ውስጥ ከተቀመጥሁ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም።

በዚህ መሀል አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ስለ 28 ዓመት ሥራዬ ሊያነጋግረኝ ፈልጓል። አቅራቢዋ «ስለ ሴቶች ጤናም በግልጽ ብታወሪልን» ብላኛለች። ግማሽ ልቤ ይፈልጋል። ባለቤቴ «የእንጀራሽን በር በገዛ አፍሽ እንዳትዘጊው» ይለኛል። የማከብራት አንዲት አንጋፋ ተዋናይት ደግሞ «እኛም በዝምታ አልፈነዋል» አለችኝ። ለፕሮዲውሰሩ በ3 ሳምንት ውስጥ መልስ መስጠት አለብኝ። ሚናውን ልቀበል? በቴሌቪዥን ልናገር? ወይስ ክብሬ ሳይነካ ሙያውን ልሰናበት?

ቃሏ የጠፋባት

የአማካሪዋ መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ የሚናው ነገር ያዘኝ፤ በሁለተኛው ላይ ግን ዓይኔ ያረፈው በጥድፊያ ባለፏት አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ «ሐኪም ጋር አልሄድሁም» በምትለዋ ላይ። ሦስት ጥያቄዎች አቅርበውልኛል። ሦስቱም በአንድ ቋጠሮ ታስረው ስለመጡ እንደ አንድ ሸክም ከብደውዎታል። ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ እኔ የምጀምረው እርስዎ ካልጠየቁኝ ከአራተኛው ነው። ዓመት ተኩል ሙሉ እንቅልፍ አጥቶና ደም እየፈሰሰው የሰነበተ ሰው «ሙያዬ አብቅቷል» ብሎ ሲፈርድ፣ የሚፈርደው እሱ ይሁን ድካሙ ለመለየት ያስቸግራልና።

ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የሚከተለውን ወደ ሐኪም ይዘውት እንደሚሄዱ ማስታወሻ እንጂ እንደ ምርመራ ውጤት አይዩት። የጻፏቸው ምልክቶች ወደ ማረጥ በሚያደርሰው የሽግግር ጊዜ ላይ እንዳሉ የሚጠቁሙ ናቸው። አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው። ሽግግሩ ግን ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ቀስ እያለ በሥርዓት አይቀንስም፤ አንድ ሳምንት ይንራል፣ በሌላው ያሽቆለቁላል። የወር አበባዎ ሲፈልግ የሚቀረውና ሲፈልግ የሚደጋገመው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍልም ከመጠን በላይ ንቁ ስለሚሆን፣ ለትንሽ ሙቀት ትልቅ መልስ ይሰጣል፤ በቀረጻ መብራት ሥር ለቆመች ተዋናይት ደግሞ ሙቀቱ ትንሽ እንኳ አይደለም። ከ45 ዓመት በላይ ያለች ሴት ይህን ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን የደም ምርመራ አያስፈልጋትም፤ መጠኑ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ የአንድ ቀን ውጤት ብዙ አይናገርም። የሚበልጠው የእርስዎ የራስዎ ታሪክ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምረው ደም የመጣበትን ቀን፣ መጠኑን፣ ሙቀቱ የተነሳበትን ሰዓትና የተኙትን የእንቅልፍ ርዝመት በትንሽ ደብተር ይመዝግቡ።

የደሙ ነገር ግን ለብቻው መታየት አለበት። «የማረጥ ጊዜ ነው፣ ያልፋል» ብሎ መተው የብዙ ሴቶች ስሕተት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የሐኪሞች። ብዙና የረጋ ደም ማዮማ ከሚባለው ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ፣ ፖሊፕ ከሚባለው ትንሽ የማህፀን ሥጋ ጭማሪ፣ አንገት ላይ ካለው የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ወይም ከማህፀን የውስጥ ሽፋን መወፈር ሊመጣ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ከካንሰር። ላስፈራራዎ አይደለም፤ በእርስዎ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላልና የሚታከም ነው፤ ይህ የሚታወቀው ግን ሲታይ ብቻ ነው። ሐኪሙ አልትራሳውንድ ሊያዝልዎ፣ በዕድሜዎ ምክንያትም ከማህፀን የውስጥ ሽፋን ጥቂት ናሙና ሊወስድ ይችላል። የደም ማነስ፣ በሰውነትዎ ውስጥ የተከማቸው የብረት መጠንና የታይሮይድ ዕጢዎ እንዲመረመሩልዎ ራስዎ ይጠይቁ። በተከታታይ ሰዓታት በየሰዓቱ ሞዴስ እስከመቀየር የሚያደርስ ደም ከመጣብዎ፣ ወይም ራስዎን ካዞረዎ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያንኑ ቀን ይሂዱ።

አሁን ወደ ጠፋው ቃልዎ ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ በጣም የነካኝ እሱ ነውና። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ ያን ምሽት መድረክ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ባለው ሌሊት ስንት ሰዓት ተኝተው ነበር? በዚያ ሳምንትስ ደም ነበረብዎ? ብረት ያነሰው ሰው ይደክመዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሐሳቡ ይበተንበታል። ሌሊቱን በላብ ተነክሮ የነቃ ሰው የተማረውን የሚያጸናበትን እንቅልፍ አጥቷል። በዚህ ላይ የሽግግሩ ጊዜ ራሱ ከማስታወስ ችሎታ ሁሉ ይልቅ የቃላት ትውስታን ይነካል፤ የእርስዎ የሥራ መሣሪያ የሆነውን ማለት ነው። አናጢ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ባልታወቀዎ ነበር። ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በሽግግሩ ወቅት አዲስ ነገር የመማር ፍጥነት ጥቂት እንደሚቀንስና ከማረጥ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ አሳይቷል። ስለ እናትዎ ያሰቡትን ደግሞ አልንቀውም። በ47 ዓመት ዕድሜ የመርሳት ሕመም እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ እናትዎንም የያዛቸው በእርጅና ነው። ይሁንና ይህን ፍርሃት ብቻዎን ይዘው እንዲያድሩ አልፈልግም። ስለ እናትዎ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ደሙና እንቅልፉ ከተስተካከሉ በኋላም ቃሉ መጥፋቱን ካላቆመ፣ የማስታወስ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ።

የሽግግሩን ምልክቶች ለማስታገስ ስለሚሰጠው የሆርሞን ሕክምና አንድ ነገር ሳይሰሙ አልቀሩም፤ «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» የሚለውን። ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2002 ከ16,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት በተቋረጠ ጊዜ ነው። ኤስትሮጅንንና ፕሮጄስቲን የተባለውን ሌላ ሆርሞን አብረው ከወሰዱት መካከል፣ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር ተገኝቶ ነበር። ዜናው ያልነገረን ግን የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 እንደነበረ ነው፤ አብዛኞቹ ካረጡ ብዙ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ዛሬ የሙያ ማኅበራቱ የሚሉት፣ ከ60 ዓመት በታች ላሉ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ የተለየ የጤና ክልከላም ለሌለባቸው ሴቶች፣ ምልክቶቹ ኑሮን ካወኩ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ነው። ማህፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅንን ለብቻው አትወስድም፤ የማህፀኗን ሽፋን የሚጠብቅ ፕሮጄስቲን ይጨመርላታል። ሆርሞን ያለው በማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ ይህን ሥራ ከመሥራቱም በላይ የደሙን መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ሆርሞን የማይስማማት ወይም የማትፈልግ ሴት ደግሞ ያለ ሆርሞን የሚሰጡ መድኃኒቶች አሏት፤ ሙቀቱንና የእንቅልፍ ማጣቱን ለመቋቋም የሚያግዝ የሥነ ልቦና ሕክምናም አለ። በነገራችን ላይ፣ የወር አበባ መዘበራረቅ ማርገዝ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ይህንንም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት።

ተራ መጠበቂያው እንደሚያሳፍርዎ ይገባኛል፤ ፊትዎ የብዙ ሰው ነው። ግን የቀኑን የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ተራ በስልክ መጠየቅ ይቻላል፤ ምክንያቱን መናገርም አያስፈልግም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ወደ ሚናው እንለፍ። እዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ከመናገር አልቆጠብም፤ በ6 ዓመት የሚበልጡትን ሰው እንዲወልዱት መጠየቅዎ አናዶኛል። ይሁን እንጂ ይህ በእርስዎ መልክ ወይም ችሎታ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ማጊ ጂለንሃል እ.ኤ.አ. በ2015 እንደተናገረችው፣ በ37 ዓመቷ የ55 ዓመት ወንድ ፍቅረኛ ሆና ለመጫወት «አርጅተሻል» ተብላለች። ሌላዋ አሜሪካዊት ተዋናይት ጂና ዴቪስ ከትንሽ ልጇ ጋር የሕፃናት ዝግጅቶችን ስትመለከት የሴት ገፀ ባሕርያት ማነስ ቢገርማት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ማን በስክሪን ላይ እንደሚታይና እንደሚናገር የሚቆጥር ተቋም መሠረተች። በሌላ በኩል ፈረንሳዊቷ የመድረክ ተዋናይት ሳራ በርናርድ እ.ኤ.አ. በ1899፣ በ54 ዓመቷ፣ የወጣት ልዑልን ሚና ተጫውታለች፤ በ1915 አንድ እግሯ ከተቆረጠ በኋላም መድረክ አልተወችም። ማሌዥያዊቷ የፊልም ተዋናይት ሚሼል ዮ በ60 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ኦስካር ስትቀበል ሴቶች ጊዜያችሁ አልፏል የሚላቸውን ሰው እንዳይሰሙ ተናግራለች። እነዚህን ያነሳኋቸው እርስዎም እንደ እነሱ ይሁኑ ለማለት አይደለም፤ የአንዲት ተዋናይት ዕድሜ ምን እንደሚፈቅድላት የሚወስነው ሰውነቷ ሳይሆን የሚጽፍላት ሰው መሆኑን ለማሳየት ነው።

ስለዚህ እስቲ ይህን ይመርምሩ። ያስለቀሰዎ እናት መባልዎ ነው ወይስ እናትየዋ ምንም የማትፈልግ፣ ምንም የማታደርግ ሴት መሆኗ? ዳኛዋንና ነፍሰ ገዳይዋን ከሁሉም በላይ እንደሚወዱ ጽፈውልኛል። ሁለቱም የሚወስኑ ሴቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ግን አልነገሩኝም፤ ምናልባት እርስዎም ትዝ አይልዎትም። የምትወስን እናት ብትሆን ኖሮ ዛሬ ይጽፉልኝ ነበር? መልሱ «አልጽፍም» ከሆነ፣ ለፕሮዲውሰሩ የሚመለሰው እሺም እምቢም ሳይሆን ጥያቄ ነው። ስክሪፕቱን አንድ ጊዜ በእናትየዋ ዓይን ብቻ ያንብቡት። ልጇን ከመውለዷ በፊት ማን ነበረች? ልጇ ቤት በማይኖርበት ሰዓት ምን ትሠራለች? ከመሞቷ በፊት ለማንም ያልተናገረችው ምን አላት? ይህን በአንድ ገጽ ጽፈው ከደራሲውና ከዳይሬክተሩ ጋር ለመገናኘት ቀጠሮ ይጠይቁ። ከአሥሩ «የት አመሸህ?» መካከል ሁለቱ እንዲለወጡ ብቻ ይጠይቁ፤ ሁሉንም አይጠይቁ። ከለውጡ ይልቅ የሚያዳምጡበትን ሁኔታ ይመልከቱ። ወረቀትዎን ተቀብለው ጥያቄ ከጠየቁዎ፣ 28 ዓመት የሠራ ሰው እንደሚፈልጉ ያውቃሉ። «እናት እናት ናት፣ ምን ይጨመርላታል?» ካሉዎ ደግሞ መልስዎን አግኝተዋል።

ገንዘቡ የሚያስፈልግዎ ከሆነም ሚናውን እንዳለ መቀበል ነውር የለበትም። ቤት ለማቆም የተሠራ ሥራም ሥራ ነው፤ ይህን የሚንቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ኪራይ ሌላ ሰው የሚከፍልለት ነው። ብቻ ውሉን ሳይፈርሙ የሥራውን ሁኔታ ይነጋገሩ። በቀን የሚቀረጹበት ሰዓት፣ በየመሀሉ የሚሰጠው ዕረፍት፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቅርበት፣ በዝግጅት ቦታው ማራገቢያ መኖሩ፣ ጠቆር ያለ ቀለምና ሙቀት የማይይዝ ጨርቅ፣ ከእያንዳንዱ ልብስ ሁለት ሁለት መሰፋቱ፤ እነዚህን ሁሉ ስለ ጤናዎ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ መጠየቅ ይችላሉ። ወንድ ተዋንያን ከዚህ የበለጠ ሲጠይቁ ማንም ምክንያታቸውን አይመረምርም።

ሕክምናው እስኪሠራ ድረስ ለቃል ጥናትዎም ጥቂት ነገር ማድረግ ይቻላል። ሌሊት ከመታገል ይልቅ አእምሮዎ በሚነቃበት ሰዓት በትንሽ በትንሹ ያጥኑ፤ ቃሉን ከእንቅስቃሴ ጋር፣ ከሚነሳው ዕቃና ከሚዞሩበት ቦታ ጋር ያስሩት። ያዳነችዎትን ወጣት ደግሞ አመስግነዋት ይሆን? ካላመሰገኑ አጋጣሚ ነው፤ ከመድረክ በፊት አንዳችሁ ብትጠፉ ሌላችሁ የምትናገሯቸውን ሁለት ሦስት ማዳኛ ቃላት አብራችሁ አዘጋጁ። የማዳኑ ስምምነት ለሁለታችሁም ይሁን፤ አንድ ቀን እሷም ትጠፋለች።

የቴሌቪዥኑን ነገር በሚመለከት ባለቤትዎም፣ አንጋፋዋ ተዋናይትም፣ አቅራቢዋም አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል፤ ለመናገርና ላለመናገር ከሚደረገው ምርጫ በፊት መቼ የሚለው ጥያቄ አለ። የሆሊዉድ ተዋናይቷ አንጀሊና ጆሊ በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ የካንሰር ሥጋት ስለነበረባት ሁለቱንም ጡቶቿን ማስወገዷን የገለጸችው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 በጋዜጣ በወጣ ጽሑፍ ነው። ሦስት ወር የወሰደው ሕክምና ሲካሄድ ጉዳዩን በምስጢር ይዛ ሥራዋን ትሠራ እንደነበር እዚያው ጽፋለች። የተናገረችው ሕክምናው ካለቀ በኋላ፣ በራሷ ቃል፣ ራሷ በመረጠችው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች የዘር ምርመራ የሚጠይቁ ሴቶች ቁጥር ጨመረ። ሌላዋ የሆሊዉድ ተዋናይት ሃሊ ቤሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ከአሜሪካ ሴናተሮች ጎን ቆማ «የማረጥ ጊዜ ላይ ነኝ» ብላ ጮኻለች፤ የጮኸችው ግን ለሴቶች ጤና ምርምር በጀት እንዲመደብ እየጠየቀች ነው፤ ምን እንደምትፈልግ ታውቅ ነበር። እርስዎ ዛሬ ምን እንደያዘዎ ገና አላወቁም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ የማያውቁትን ነገር በካሜራ ፊት ማውራት ለእርስዎም ለሚሰሙዎት ሴቶችም አይበጅም፤ ያዩትና የታከሙት ከሆነ በኋላ ግን የሚናገሩት አንድ ቃል ለብዙ ሴት ይጠቅማል። ካልፈለጉም በጭራሽ አለመናገር መብትዎ ነው፤ ታዋቂ መሆን ሰውነትን ለሕዝብ የማስረዳት ዕዳ አያመጣም። ዝግጅቱ ላይ ከቀረቡ፣ ጥያቄው ሲነሳ የሚመልሱትን አሁኑኑ ያጥኑት፤ «ስለ ጤና የምናገርበት ቀን ይመጣል፤ ዛሬ ስለ ሥራዬ ላውጋችሁ» ማለት ይበቃል። አቅራቢዋም ይህን አስቀድማ ብታውቅ ይሻላል።

ባለቤትዎ ስለ እንጀራዎ መጨነቃቸው ከፍቅርም ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን የያዘው የእርስዎ ገቢ ከሆነ ደግሞ ከፍርሃት። የትኛው እንደሆነ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? ሌሊት በላብ ተነክረው ሲነቁ ያያሉ ወይስ ተኝተው ነው? ከአፍዎ በፊት ሰውነትዎን እንዲያስቡ፣ ለምርመራው አብረውዎት እንዲሄዱ ይጠይቋቸው። አንጋፋዋንም ቢሆን «በዝምታ አልፈነዋል» ባሉዎት ላይ እንዳይቆሙ፤ አንድ ቀን ለብቻቸው አግኝተው «ሲያልፉት እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። ለእርስዎ ያልተነገረዎ ብዙ ነገር ሊነግሩዎት ይችላሉ።

ሙያውን ስለመሰናበት የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስ፤ አሁን አይወስኑ። ሕክምና ከጀመሩ በኋላ ለውጡ በደንብ የሚገመገመው በ3 ወር ገደማ ነው። ያን ጊዜ ተኝተው ባደሩ ማግስት ጥያቄውን እንደገና ያንሡት፤ ያን ጊዜም መተው ካሰኘዎ የሚያግድዎ የለም።

ከሦስቱ ሳምንታት የመጀመሪያው ለሐኪም ቀጠሮና ለደብተሩ ይሁን። በሁለተኛው ፕሮዲውሰሩን ስብሰባ ይጠይቁት፤ ቀኑ ካጠረም ተጨማሪ ሳምንት ቢጠይቁ የሚከፋው አይመስለኝም። የቴሌቪዥኗን አቅራቢ በሚቀጥለው ወር እንደሚመልሱላት ይንገሯት። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ሹራብ የት ነው ያለው? ለአልባሳት ኃላፊዋ ገና ካልመለሱላት፣ አሳጥበው ራስዎ ይውሰዱላት፤ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ይሁን፣ ቁጭ ብለው እንዲያወጉ። ምንም ሳትጠይቅዎ ምስጢርዎን የያዘች ሴት ናት፤ ወደ ሐኪሙ ብቻዎን መሄድ ከከበደዎ፣ አብራዎት እንድትሄድ የሚጠይቋት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ትመስለኛለች።